ፉከራው አለ፣ ሙሾው የት ገባ? ወታደራዊ የፍቅር ልብ ወለድ በጎጃም አንባቢ ዓይን

ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ይሄዳል። ከልዩ ጦር የተመለሰ፣ ንግግር የማያበዛ፣ ሌሊት ከእንቅልፉ የሚባንን ወታደር አለ። አንዲት ሐኪም ወይም ጋዜጠኛ ደግሞ ሳታስበው ማየት የሌለባትን ነገር ታያለች፤ ሊያጠፏት የሚፈልጉ ሰዎች ይነሡባታል። ወታደሩ እንዲጠብቃት ይታዘዛል። መጀመሪያ ላይ አይጣጣሙም። ከዚያ ማሳደዱ፣ መደበቁና ተኩሱ ይመጣል፤ በመካከሉም ይዋደዳሉ። በመጨረሻው ምዕራፍ ክፉዎቹ ይያዛሉ ወይም ይሞታሉ፣ ሁለቱ ፍቅረኞች በሕይወት ተርፈው ይገናኛሉ። ወታደራዊ የፍቅር ልብ አንጠልጣይ ብለን ልንጠራው የምንችለው የልብ ወለድ ዓይነት በአጭሩ ይኸው ነው።

በደብረ ማርቆስና በባሕር ዳር የማውቃቸው አንባቢዎች በእንዲህ ዓይነት መጻሕፍት ላይ ሲከራከሩ ከሚያነሧቸው ነጥቦች ከፊሉ በየትኛውም አገር ያለ አንባቢ የሚያነሣው ነው። የቀረው ግን ከዚህ ምድር የበቀለ ነው፤ የሚያሳስበኝም እሱ ነው። የጎጃም አንባቢ ከዚህ ዘውግ ጋር የሚጣላው ፍቅርና ጦርነት በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ስለተገናኙ አይመስለኝም። ሁለቱ በአማርኛ ልብ ወለድ ውስጥ ገና ከመነሻው አብረው የኖሩ ናቸው። የሚያጣላው ጦርነቱ ማንንም ዋጋ ሳያስከፍል ማለፉ ነው።

ዘውጉ በአሜሪካ እግሩን የተከለው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ በብዛት የሚመለመለው ኔቪ ሲል ከሚባለው፣ በ1962 ከተቋቋመው የባሕር ኃይሉ ልዩ ጦር ነው። በ1980 የተመሠረተው የአሜሪካ የፍቅር ልብ ወለድ ጸሐፍት ማኅበር አንድ ድርሰት በዚህ ስም ለመጠራት ሁለት ነገር ማሟላት እንዳለበት ሲያስረዳ ኖሯል፤ የታሪኩ እምብርት ፍቅር መሆን አለበት፣ ፍጻሜውም ስሜትን የሚያረካና ተስፋ ያለው መሆን አለበት። ገዢው መጽሐፉን ሲያነሣ ይህን ውል ያውቃል። ልቡ የሚንጠለጠለው ፍቅረኞቹ ከዚያ ሁሉ መከራ እንዴት ይወጡ ይሆን በሚለው ላይ ነው፤ መውጣታቸውንስ ቀድሞ ተነግሮታል።

አንድ ተጨማሪ ነገር መታወቅ አለበት። መጻሕፍቱ በአብዛኛው በተከታታይ ይወጣሉ። በመጀመሪያው መጽሐፍ ከጀግናው ጎን ቆሞ የሚቀልደው ጓድ በሁለተኛው መጽሐፍ የራሱን ፍቅር ያገኛል፤ ሦስተኛው ጓድ በሦስተኛው። አንባቢን ከሚያስሩት ገመዶች አንዱ ይህ የጓዶች ቤተሰብነት ነው፤ የቀድሞዎቹ ጥንዶች በአዲሱ መጽሐፍ ውስጥ ልጅ ታቅፈው ብቅ ሲሉ ማየት በእውነት ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ከዚህ አሠራር የሚከተል ጣጣ አለ። እያንዳንዱ ጓድ ለሚቀጥለው መጽሐፍ ስለሚፈለግ ማንም አይሞትም። አሥር ጊዜ ዘምቶ አሥር ጊዜ ሳይጎድል የሚመለስ ቡድን ይፈጠራል። ከዘመቻ ያልተመለሰ ወንድም ወይም አጎት ያለው አንባቢ ይህን ለማስተዋል ሁለተኛ መጽሐፍ አያስፈልገውም።

የጋራ የሆኑትን አስተያየቶች በአጭሩ ላንሣቸው። የሚያሞግሱት ፍጥነቱን ነው፤ ምዕራፉ በአደጋ ላይ ስለሚቋረጥ መጽሐፉን አስቀምጦ መተኛት ያስቸግራል። የሚነቅፉት ደግሞ የመሣሪያ ስምና የወታደር አጽሕሮተ ቃል መብዛቱን፣ ክፉው ሰው ማን እንደ ሆነ ገና በሦስተኛው ምዕራፍ መታወቁን፣ ብልህ ናት የተባለችው ሴት ከቤት አትውጪ በተባለችበት ሌሊት ያለ ምክንያት መውጣቷን ነው። የአልጋ ትዕይንቶቹን አንዳንዱ ገጹን እየገለጠ ያልፋቸዋል፣ አንዳንዱም መጽሐፉን ለታናሽ እህቱ እንዳያውስ ምክንያት ይሆኑታል። በዚህ ሁሉ ላይ ብዙ የሚያከራክር ነገር የለም።

ይህ ዘውግ ባዕድ ነው፣ ለእኛ አይሆንም የሚሉ አንባቢዎች አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ማስረጃዬ ከጣና ዳር የመጣ ነው። የዘጌው ተወላጅ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት፣ በኋላ ጦቢያ በሚል ስም የታወቀው ልብ ወለድ በአማርኛ የመጀመሪያው እንደ ሆነ ይታመናል። የሚጀምረውም በጦርነት ነው። ጦር ይሸነፋል፣ የጦሩ አለቃ ይማረካል፣ ቤተሰቡ ይበተናል። ልጁ ዋሕድ ለአባቱ መፈታት ውለታ የዋለውን ሰው ፍለጋ ወጥቶ እሱ ራሱ ለባርነት ይሸጣል። እህቱ ጦቢያ ወንድ መስላ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ ትነሣለች። ማንነቷ ይታወቅባት ይሆን የሚለው ስጋት አንባቢውን እስከ መጨረሻው ይዞት ይሄዳል። ከዚያም ፍቅር ይገባል፤ መጨረሻው ጋብቻ ነው። ጦር፣ ፍቅር፣ የተንጠለጠለ ልብና ደስ የሚል ፍጻሜ፣ አራቱም አሉ። የአሜሪካው ዘውግ ስም ሳያገኝ ገና በፊት አንድ የዘጌ ሰው በአማርኛ ጽፎታል።

ስለዚህ ደስታ የሰፈነበት ፍጻሜ የእኛ አይደለም የሚለው ክርክር ከመነሻው አይቆምም። ልዩነቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። በጦቢያ ውስጥ ሽንፈቱ እውነተኛ ሽንፈት ነው። ምርኮው ምርኮ ነው፣ ባርነቱ ባርነት ነው፣ አባትዬው ከምርኮ የተመለሰው በገንዘብ ተዋጅቶ እንጂ ተአምረኛ ተዋጊ ስለ ሆነ አይደለም። አንባቢው ለሰርጉ ሲደርስ ከነጉዳቱ ነው የሚደርሰው።

የጎጃም አንባቢ ሁሉንም የፍቅር ታሪክ የሚለካበት ሌላው መጽሐፍ ግን የታወቀ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ፍቅር እስከ መቃብር እዚሁ ጎጃም ውስጥ የሚፈጸም ታሪክ ነው፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ከተረከው ወዲህ ማንበብ የማይችሉ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ያውቋቸዋል። ወታደራዊ የፍቅር ልብ ወለዶችን ሳነብ ደጋግሞ የሚመጣብኝ ሐሳብ አለ። ሐዲስ ዓለማየሁ ጦርነትን ከሩቅ የሚያውቁ ሰው አልነበሩም። በጣልያን ወረራ ጊዜ ከራስ እምሩ ጋር ዘምተዋል፤ ተማርከው ዓመታትን በጣልያን አገር እስር ቤት አሳልፈዋል። ከፈለጉ ጠመንጃ የታጠቀ፣ ጠላት የሚያርበደብድ ፍቅረኛ ለመሳል ከእሳቸው የበለጠ መብት ያለው ደራሲ አልነበረም። አላደረጉትም። የሰብለን ልብ ያገኘው የቅኔ ሰው ነው፤ ወላጆቹ ለብፅዐት የሰጡት፣ እጁ ከመቋሚያ በቀር መሣሪያ የማያውቅ ድሀ። ጠመንጃውንና ፉከራውን የሰጧቸው ለፊታውራሪ መሸሻ ነው፤ እሳቸውም በገዛ ገበሬዎቻቸው ላይ ዘምተው በእነ አበጀ በለው እጅ ይወድቃሉ። ጦርነትን ያየ ደራሲ ፍቅርን ለማን እንደ ሰጠ፣ ፉከራን ለማን እንደ ሰጠ በዚህ ይታያል።

ኦሮማይም መጠቀስ አለበት፤ ምክንያቱም ለዘውጉ ከጦቢያ ቀጥሎ በአማርኛ የቀረበው እሱ ነው። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ያሳተመው ይህ መጽሐፍ ደርግ በኤርትራ አማፅያን ላይ ባካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ወቅት አስመራ ላይ ያለውን ጋዜጠኛ ፀጋዬ ኃይለ ማርያምን ከፊያሜታ ግላይ ጋር በፍቅር፣ ከስለላ መረቡ ጋር በስጋት፣ ከናቅፋ ግንባር ጋር በሞት ያስተሳስረዋል። መጽሐፉ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. እንደ ወጣ ቀረ። በአማርኛ አንባቢ ዘንድ የጦር ሜዳ የፍቅር ታሪክ ሲነሣ የደራሲው ዕጣ አብሮ የሚነሣው ለዚህ ነው። እንዲህ ካለ ንባብ የመጣ ሰው ሦስት መቶ ገጽ ሙሉ ጥይት የማይነካውን ጀግና ሲያገኝ ቢጠራጠር ሊፈረድበት አይገባም።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በጎጃም ጦርነት የሚነገርበት አፍ ሁለት ነው። አንዱ የወንዶች ቀረርቶና ፉከራ ነው፤ በሰርግ፣ በዘመቻና በግዳይ ቀን ይሰማል፤ ደፋርን ያገንናል፣ ፈሪን ያሳፍራል፣ ብዙ ጊዜም ሴቲቱ እንድትሰማው ታስቦ ይነገራል። ሌላው የሴቶች ሙሾ ነው። አልቃሿ የሟቹን ስም እየጠራች፣ ደረቷን እየመታች፣ ማን እንደ ቀረ፣ ማን እንደ ጎደለ፣ በሬው በማን እንደሚጠመድ ትቆጥራለች። በታላቅ ሰው ለቅሶ ላይ ጠመንጃውና ልብሱ ወጥቶ ሁለቱም አፎች በአንድ ሜዳ ይሰማሉ፤ ፉካሪው ሲጨርስ አልቃሿ ትቀበላለች። ጀግንነቱ ሳይካድ የጉዳቱ መጠን ይነገራል።

ወታደራዊው የፍቅር ልብ ወለድ ፉከራውን አሟልቶ ይዟል። ሙሾው ግን የለም። በመጽሐፉ ውስጥ የሚሞቱት በአብዛኛው የጠላት ወገን ጠባቂዎች ናቸው፤ በአንድ አንቀጽ ሦስቱ ይወድቃሉ፣ ስም የላቸውም፣ የሚያለቅስላቸው የለም። ጀግናው ሬሳውን ተሻግሮ ወደ ፍቅረኛው ይሮጣል፤ አንባቢውም አብሮ እንዲሮጥ ይጠበቃል። በየሳምንቱ የሐዘን ድንኳን በሚታይበት ሰፈር የሚኖር ሰው እንዲህ ያለውን አንቀጽ ሲያነብ ቆም ቢል፣ መጽሐፉን ስላልወደደው ላይሆን ይችላል። የሞተ ሰው ሁሉ እናት እንዳለው ስለሚያውቅ ነው።

የዕድሜ ልዩነትም አለ። በ1975 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ውትድርና ዐዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያሉትን ወጣቶች የሚመለከት ነበር። ያን ጊዜ ፍቅረኛ ወይም አዲስ ሙሽራ የነበሩ ሴቶች ዛሬ አያቶች ናቸው። ለእነሱ የወታደር ፍቅር ማለት መጠበቅ ነው፤ ደብዳቤ መጠበቅ፣ መርዶ መፍራት፣ በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ደግሞ በእግሩ የሚመጣውን ሰው ሁሉ አተኩሮ ማየት። ልጆቻቸው የ1990ውን የድንበር ጦርነት፣ የልጅ ልጆቻቸው የ2013ቱን የሰሜን ጦርነት ያውቃሉ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ደግሞ ግጭቱ ደጅ ድረስ መጥቷል፤ በዚያ ዓመት ሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፣ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔትም ለረጅም ወራት ተቋረጠ። መለዮ የለበሰም ሆነ ያልለበሰ ታጣቂ በየመንገዱ በሚታይበት አገር የታጠቀ ወንድ በር ሲያንኳኳ በመጀመሪያ የሚሰማው ስሜት ፍቅር አይደለም። የአሜሪካው ደራሲ ጠመንጃውን የመተማመኛ ምልክት አድርጎ ይጀምራል፤ እዚህ ግን ያ መተማመን በየገጹ መገንባት አለበት፣ ዝም ብሎ አይገኝም።

እንዲህም ሆኖ ወጣት ሴቶች አንባቢዎች ለዚህ ዘውግ የሚሰጡት ፍቅር አለ፤ እሱን ማጣጣል ስሕተት ነው። ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ዓይን ይተረካል፤ አንድ ምዕራፍ እሱ፣ አንድ ምዕራፍ እሷ። ስለዚህ አንባቢዋ የኃይለኛውን ወንድ ልብ ከውስጥ ታያለች። ይፈራል። እንደ ፈራ ለራሱ ያምናል፤ ቆይቶም ለእሷ ይነግራታል። ያጠፋውን ይቅር በይኝ ይላል። ልንካሽ ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ እምቢ ስትለው ያፈገፍጋል። ወንድ ልጅ አያለቅስም እየተባለ ባደገበት ቤት ውስጥ ላለች ልጅ ይህ ተራ ነገር አይደለም። ብዙ ወንዶች ተቺዎች ይህን ዘውግ የሴት ማሳለፊያ ብለው ሲገፉት እናደዳለሁ፤ ፉከራው የሚደብቀውን ፍርሃት በግልጽ የሚያወጣው እሱ ነውና። በዚህ ነጥብ ከብዙዎቹ ቁም ነገረኛ ከሚባሉ ልብ ወለዶቻችን ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ከፍርሃቱ ጋር የተያያዘው የጦርነት ሕመም ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ጀግናው ሌሊት ይጮኻል፣ ድንገተኛ ድምፅ ያስደነግጠዋል፣ ከሰው ይሸሻል። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ይህን ሕመም በበሽታዎች መዝገቡ ውስጥ በራሱ ስም ያስገባው በ1980 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ከቬትናም የተመለሱ ወታደሮች ጩኸት በዚህ ውስጥ ትልቅ ድርሻ ነበረው። ልብ ወለዶቹ ሕመሙን በአደባባይ ማንሣታቸው ያስመሰግናቸዋል። የሚፈውሱበት መንገድ ግን አጭር ነው፤ ትወደዋለች፣ ይድናል። በ1983 ዓ.ም. ወደየመንደሩ የተመለሱትን የቀድሞ ሠራዊት አባላት ያሳደሩ ቤተሰቦች ነገሩ እንዲህ እንዳልሆነ ያውቃሉ። ጠበል ተሞክሯል፣ ጸሎት ተደርጓል፣ ዝም ተብሏል፤ ሚስቶች ወደዋቸው እንኳ ባሎቻቸው ለዓመታት ሌሊት ሲጮኹ አድረዋል። የእነዚያ ሚስቶች ታሪክ ራሱ የፍቅር ታሪክ ነው፤ ከየትኛውም ተኩስ ይልቅ ልብ የሚያንጠለጥል ነው፤ ዛሬ ምን ሆኖ ይነሣ ይሆን ብሎ ማደርን የሚያህል ስጋት የለምና። ይህን የሚጽፍልኝ ደራሲ ባገኝ ሌሊቱን ሙሉ አነበዋለሁ።

አንባቢዎችን ይበልጥ ሲያስቆጣ ያየሁት ግን የመቼቱ ነገር ነው። ከእነዚህ መጻሕፍት ብዙዎቹ ጀግናውን ወደ አፍሪካ ወይም ወደ እስያ ይልኩታል። አገሩ አንዳንዴ ስም የለውም፤ ቢኖረውም ከአቧራና ከመንገድ ዳር ኬላ በቀር ሌላ የለውም። የታገተችውን ነጭ ሐኪም ለማስለቀቅ ሄሊኮፕተር ሌሊት በአንድ መንደር ላይ ይወርዳል፤ ተኩስ ይከፈታል፤ ፍቅረኞቹ ተያይዘው ይበራሉ። ንጋት ላይ በዚያ መንደር ምን እንደ ተረፈ አይነገረንም። የጎጃም አንባቢ ይህን ክፍል ሲያነብ ራሱን ከሄሊኮፕተሩ ውስጥ አያስቀምጥም፤ መንደሩን ያውቀዋል። የአውድማውን ክምር፣ የቤቱን ሣር ክዳን፣ ውሻው የሚጮኽበትን ሰዓት ያውቃል። የጽሑፉ ዓይን የሚርቅበት ሰዓት የእሱ ታሪክ የሚጀምርበት ነው። አንድ ደራሲ ይህን ሰው አንባቢዬ ነው ብሎ ቢያስብ ኖሮ ሄሊኮፕተሩ ከተነሣ በኋላ ቢያንስ አንድ ገጽ ይጨምር ነበር።

ጀግናው ዘመድ የሌለው መሆኑም ያስገርማል። እናቱ ሞታለች፣ አባቱ ጥሎታል፣ ቤተሰቡ ጓዶቹ ብቻ ናቸው። ለደራሲው ይመቸዋል፤ ሁለቱን ፍቅረኞች ለብቻቸው በአንድ ጎጆ ውስጥ መዝጋት ይችላልና። በእኛ ዘንድ ግን ፍቅር ሽማግሌ፣ እናት፣ የንስሐ አባትና የዘር ቆጠራ አለበት። በዛብህንና ሰብለን ያራራቃቸው ጥይት አልነበረም፤ የአባት ክብርና የወላጅ ብፅዐት ነው። በአማርኛ ይህን ዘውግ ሊጽፍ የሚነሣ ሰው ጀግናውን ከዘመድ ካራቀው ገጸ ባሕርዩ ስሙ ብቻ አበሻ ሆኖ ይቀራል።

ትርጉምን በተመለከተ አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። በስልክ የሚዘዋወሩ ያለ ፈቃድ የተተረጎሙ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ የደራሲውም የተርጓሚውም ስም የላቸውም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 410 ትርጉምን ከደራሲው መብቶች መካከል ያስቀምጠዋል። አንባቢውም ይጎዳል፤ የወደደውን ደራሲ ተከትሎ ሁለተኛ መጽሐፍ መፈለግ አይችልም፣ የተቆረጠውንም ምዕራፍ አያውቅም።

የመጨረሻው ክርክር በሴቲቱ ላይ ነው። በብዙዎቹ መጻሕፍት መጀመሪያ ላይ ሙያ ያላት፣ አፏ የማይዘጋ፣ ራሷን የቻለች ሴት ናት። ከመካከሉ በኋላ ግን መጠበቅ ብቻ ሥራዋ ይሆናል፤ ትታገታለች፣ ይደርስላታል። በመደምደሚያው ሥራዋን ትታ እሱ ወደተመደበበት ጦር ሰፈር ስትሄድም ይታያል። ይህን የሚከላከሉ አንባቢዎች አሉ፤ በዚህ ሁሉ መከራ መካከል አንዲት ሴት ሌላ ሰው ሲጠብቃት ማንበብ ዕረፍት ነው ይላሉ። ምኞቱ ይገባኛል፣ አልነቅፈውም። ሆኖም ከጎጃም የወጡት ሁለቱ ደራሲዎች ሴቶቻቸውን እንዴት እንደ ላኩ ማስታወስ ያስፈልጋል። አፈወርቅ ጦቢያን ወንድ አስመስለው ወንድሟን ፍለጋ መንገድ ላይ አወጧት። ሐዲስ ዓለማየሁ ሰብለ ወንጌልን የመነኩሴ ልብስ አልብሰው፣ ከፊታውራሪ ግቢ ያለ አጃቢ አስወጥተው፣ በዛብህን ፍለጋ በእግሯ ሰደዷት። ሁለቱም ሴቶች በመንገዱ ላይ ይፈራሉ፣ ይደክማሉ፣ ይሳሳታሉ፤ መንገዱ ግን የራሳቸው ነው። በ1900 እና በ1958 ዓ.ም. የታተሙ ሴቶች ይህን ያህል ከተጓዙ፣ የዛሬዋ ሐኪም በታጠፈ ወንበር ላይ እጇን ታስራ ሁለት መቶ ገጽ ስትጠብቅ አንባቢ አይዋጥልኝም ቢል ትክክል ነው።